አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንደ ገባ፥ የኤሌክትሪክ መኪናም የዓባይን በረሃ እንደ ተሻገረ

(በራዲዮ ከተነገረ የታሪክ ንግግር)

ሰው ከሩቅ አገር ያዘዘውን ዕቃ በሚጠባበቅበት ጊዜ ልቡ ከዕቃው ቀድሞ ይጓዛል። መርከቡ የት ደረሰ፥ ከወደብስ መቼ ይወጣል፥ ቀረጡ ስንት ይሆን እያለ ቀንና ሌሊት ያወጣል ያወርዳል። ዕቃው ከደጁ በደረሰ ጊዜ ግን ሌላ ሐሳብ ይተካል። ይኸውም፥ «ይህን ነገር በምን አኖረዋለሁ? ቢበላሽስ ማን ያበጅልኛል?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የገንዘብና የትዕግሥት ጥያቄ ነው፤ ገንዘብ ያለውና የታገሠ ሰው ይፈታዋል። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን አንድ ሰው ብቻውን ሊፈታው አይችልም፤ መንገድ፥ ኃይልና ባለሙያ የሚሻ ስለ ሆነ የአገር ጥያቄ ነው።

ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ገዝቶ የሚጠባበቅ ኢትዮጵያዊ በዚህ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። በተለይም ከአዲስ አበባ 300 ኪሎሜትር ያህል ርቆ በደብረ ማርቆስ ወይም በአካባቢው የሚኖር ሰው እንደ ሆነ ሐሳቡ እጥፍ ይሆንበታል፤ በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለና። ስለዚህ አውቶሞቢል ወደ አገራችን እንዴት እንደ ገባ፥ ወደ ጎጃምም መንገድ እንዴት እንደ ተከፈተለት፥ የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ ከቀድሞው በምን እንደሚለይ በዚህ ጽሑፍ በአጭሩ እናስረዳለን። ካለፈው ታሪክ የምንማረው አንድ ቁም ነገር አለ፤ መኪና አገር ገባ የሚባለው ከመርከብ በወረደበት ቀን ሳይሆን መንገዱ፥ ኃይሉና ባለሙያው አብረው በተገኙበት ቀን ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ ፈጠራ ነውን?

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ መኪናን የዘመናችን ፈጠራ አድርጎ ይቈጥረዋል። ነገሩ ግን እንደዚህ አይደለም። የዓድዋ ድል ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1891 ዓ.ም.፥ ካሚል ዤናትዚ የሚባል ቤልጅጋዊ በፓሪስ አጠገብ በኤሌክትሪክ ኃይል በምትሄድ መኪና ተቀምጦ በሰዓት ከ100 ኪሎሜትር በላይ ሮጠ። ከእርሱ አስቀድሞ በመንገድ ላይ በሚሄድ አውቶሞቢል ይህን ፍጥነት ያለፈ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። መኪናዪቱ እንደ ጥይት የሾለች ስትሆን በፈረንሳይኛ «ላ ዣሜ ኮንታንት» ትባል ነበር፤ ትርጓሜውም «ከቶ የማትረካ» ማለት ነው። በሚከተለውም ዓመት ኋላ ስሙ የገነነው ፌርዲናንድ ፖርሽ የተባለ ወጣት መሐንዲስ የሠራው የኤሌክትሪክ መኪና በፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ቀርቦ ታየ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከተሞች የኤሌክትሪክ፥ የእንፋሎትና የቤንዚን መኪናዎች ጎን ለጎን ይነዱ ነበር፤ ማንኛው እንደሚያሸንፍም ገና አልታወቀም ነበር።

ታዲያ ፈጣኑ መኪና ስለ ምን ተሸነፈ? ምክንያቱ ከአንድ በላይ ነው። የዚያ ዘመን ባትሪ ከእርሳስ የተሠራ ስለ ነበረ እጅግ ይከብዳል፤ የሚይዘውም ኃይል ጥቂት ነበር። ኤሌክትሪክም ከትልልቅ ከተሞች ውጭ አይገኝም። ቤንዚን ግን በቆርቆሮ ተሞልቶ በጋሪም በአህያም ወደ ማናቸውም መንደር ሊደርስ ይችል ነበር። ከዚህም ጋር ሄንሪ ፎርድ በ1901 ዓ.ም. በዋጋ የረከሰውን «ሞዴል ቲ» የተባለ መኪና ለገበያ አወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የቤንዚን ሞተር በእጅ መዘውር መነሣቱ ቀርቶ ራሱን በራሱ የሚያስነሣበት መሣሪያ ስለ ተገኘ፥ የኤሌክትሪክ መኪና የነበረው ብልጫ ሁሉ ጠፋ። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው፥ የኤሌክትሪክ መኪና የተሸነፈው በፍጥነት አንሶ አለመሆኑን ነው፤ ከከተማ በወጣ ጊዜ የሚመግበው በማጣቱ ነው።

የአፄ ምኒልክ አውቶሞቢል

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለአዲስ ሥልጣኔ የነበራቸው ፍቅር በታሪክ የታወቀ ነው። ስልክን፥ ፖስታን፥ የባቡር ሐዲድንና የውሃ ቧንቧን ያስገቡ እርሳቸው ናቸው። ከአውቶሞቢል አስቀድሞም ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ በእንፋሎት የሚሄድ የመንገድ መዳመጫ መኪና አስመጥቶላቸው ነበር። ይህ ከባድ መኪና በብዙ ድካምና በብዙ ሰው ጉልበት አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ስም አወጣለት።

አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባለውን መኪና ይዞ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በረሃውን በማቋረጥ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት አርኖልድ ሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ደግሞ በአገሩ የተሠራ ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ሁለቱም ለንጉሠ ነገሥቱ መኪና በማቅረብ ቀዳሚ ለመሆን የሚሽቀዳደሙ ነበሩ፤ ቀድሞ የደረሰው ግን እንግሊዛዊው ሆነ።

በዚያን ጊዜ የምድር ባቡር ሐዲድ የደረሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና፥ ከድሬዳዋ ወዲህ ያለው መንገድ የግመልና የበቅሎ መንገድ ነበር። ስለዚህ በራሱ ኃይል እንዲሄድ የተሠራው መኪና ወንዝ በገጠመው፥ አሸዋና ድንጋይ በበዛበት ስፍራ ሁሉ በሰውና በከብት ጉልበት ይሳብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናውን በተቀበሉ ጊዜ እጅግ ደስ እንዳላቸው ተጽፏል፤ ተቀምጠውበትም ሄደዋል።

ነገር ግን ከደስታው ቀጥሎ የመጣውን እንመልከት። መኪናው ሊሄድበት የሚችለው መንገድ በዋና ከተማውና በአጠገቡ ብቻ ነበር። የሚጠጣው ቤንዚን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ በመርከብ፥ ከዚያም በባቡር፥ ከዚያም በጋማ ከብት ተጭኖ መምጣት ነበረበት። አንድ ብሎን ቢጠፋ ወይም ጎማ ቢፈነዳ ምትኩ የሚገኘው አውሮፓ ነው፤ ሞተሩን የሚያውቅ ሰውም ከውጭ አገር ሰዎች በቀር አልነበረም። አፄ ምኒልክም ብዙ ሳይቆዩ ሕመም ጸናባቸውና በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ። መኪናው በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ የመኪና ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ግን ሐዲዱ፥ መንገዱ፥ የቤንዚን መጋዘኑና ጋራዡ ቀስ በቀስ ከተዘረጉ በኋላ ነው።

ጎጃምና የዓባይ በረሃ

ይህ ሁሉ በሸዋ ሲሆን ጎጃም ከአውቶሞቢል ርቆ ነበር። ደብረ ማርቆስ፥ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ከተማ፥ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መቀመጫ የሆነች የታወቀች የጎጃም ከተማ ነበረች። ሆኖም ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከቦ ስለሚሄድ፥ ወደ ሸዋ ለመሻገር የሚፈልግ ነጋዴም ሆነ መኰንን ወደ ጥልቁ በረሃ ወርዶ እንደ ገና መውጣት ግድ ነበረበት። በ17ኛው መቶ ዓመት በላይኛው ዓባይ ላይ፥ በጢስ ዓባይ አጠገብና በሞጣ በኩል፥ የድንጋይ ድልድዮች ተሠርተው ነበር። ወደ ሸዋ በሚወስደው በታችኛው መሻገሪያ ግን ድልድይ አልነበረም፤ ወንዙ በሞላ ጊዜ መንገደኛው እስኪጐድል መጠበቅ ነበረበት። ይህም ቢሆን የጎጃም ሰው ዓባይን እየረገመ አልኖረም፤ «ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» እያለ በቀልድ ይተርት ነበር እንጂ።

በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ አገራችንን ከወረረ በኋላ፥ ለጦሩ ማመላለሻ ሲል ከአዲስ አበባ በዓባይ በረሃ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ጎንደር የመኪና መንገድ አስወጣ። መንገዱ የተሠራው ለአገሩ ሕዝብ ጥቅም ታስቦ ስላልነበረ፥ የጎጃም አርበኞች በዱር በገደሉ ሆነው ጠላትን ዕረፍት ነሡት። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ በሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ደረሱ። ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ መንገዶቹን የማደስና የመጠበቅን ሥራ ያዘ። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን መንግሥት ርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በአሮጌው ድልድይ አጠገብ ተከፈተ።

መንገዱ በድልድዩ ምክንያት ቢቀልም በረሃው ያው በረሃ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎሜትር ያህል ነው። ነጂው ከ2400 ሜትር በላይ ከሆነ ደጋ ተነሥቶ ወደ 1000 ሜትር ገደማ ከሆነ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ይወጣል። በክረምት መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያበላሸዋል። የጭነት መኪናዎች በዳገቱ ላይ እያቃሰቱ፥ በቁልቁለቱም ፍሬናቸው እየጋለ የሚጓዙት በዚህ መንገድ ነው።

የኤሌክትሪኩ መኪና ዘመን

አሁን ወደ ዘመናችን እንምጣ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሻለቃ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ያቋቋመው የማራቶን ሞተር ፋብሪካ፥ የሂዩንዳይ ኩባንያ የሆነውን አዮኒክ የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና አዲስ አበባ ውስጥ ገጣጥሞ አወጣ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ለማበረታታት ቀረጡን ዝቅ አደረገ። በጊዜው በወጣው ደንብ መሠረት ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፥ በከፊል ተገጣጥሞ ለሚገባው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ተወስኖ፥ ሙሉ በሙሉ ተፈታትቶ መጥቶ አገር ውስጥ ለሚገጣጠመው ግን ምንም ቀረጥ እንዳይከፈልበት ተደርጎ ነበር። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቁ። ይህን የመሰለ ውሳኔ በመወሰን ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ቀዳሚ ሆነች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ አገሪቱ በየዓመቱ በብዙ ቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ለነዳጅ ታወጣለች፥ ኤሌክትሪክ ግን ከገዛ ወንዞቿ ታገኛለች።

ከዚህ በኋላ የመጠባበቁ ነገር ከጥቂት ባለጠጎች አልፎ የብዙ ቤተ ሰብ ጉዳይ ሆነ። ገዢው ቀብድ ይከፍላል፤ መኪናው አብዛኛውን ጊዜ ከቻይና በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያም በየብስ ወደ መካከል አገር ይመጣል፤ የጉምሩክ ሥርዓት ተፈጽሞ ሰሌዳ እስኪወጣለት ድረስ ሳምንታትና ወራት ያልፋሉ። አፄ ምኒልክ መኪናቸውን የተጠባበቁትም ከዚያው ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል መሆኑን ስናስብ፥ መንገዱ ምን ያህል ያው እንደ ሆነ ያስደንቃል።

በዚህ በመጠባበቂያው ጊዜ አስተዋይ ገዢ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥቂት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ የመኪናው መሰኪያ የቻይናው ዓይነት ነውን ወይስ የአውሮፓው? ሁለቱ አይገጣጠሙምና፥ ኃይል መሙያ ጣቢያ ደርሶ እንግዳ ከመሆን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ሁለተኛ፥ ኩባንያው በኢትዮጵያ ወኪል አቁሟልን? ነጋዴ በራሱ መንገድ ያስመጣው መኪና የፋብሪካ ዋስትና ላይኖረው ይችላል። ሦስተኛ፥ በመኪናው መስኮት ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በምን ቋንቋ ነው? ለቻይና ገበያ የተሠሩት ብዙዎቹ በቻይንኛ ብቻ የሚናገሩ ስለ ሆኑ፥ ባለቤቱ የማስጠንቀቂያውን ምልክት ሳያነብ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። አራተኛ፥ አንድ ጊዜ ተሞልቶ ይህን ያህል ኪሎሜትር ይሄዳል የሚባለው በፋብሪካ ሙከራ የተገኘ ቍጥር ነው፤ በእውነተኛ መንገድ፥ ከነጭነቱና ከነዳገቱ፥ ከዚያ ያንሳል።

በደጋው አገር የሚያሳየው ጠባይ

መኪናው ከደረሰ በኋላ ባለቤቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚማረው ብዙ ነው። መጀመሪያ የሚያስገርመው የጉልበቱ ነገር ነው። የቤንዚን ሞተር የሚቃጠለው አየር ተጨምሮ ነው፤ አየሩ በሳሳበት ደጋ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። እንደ ደብረ ማርቆስ በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየር በኃይል የሚነፋለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ኃይሉን ያጣል፤ ወደ ጮቄ ተራራ በወጣ ቍጥር ደግሞ ይብስበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር ስለማያስፈልገው በቆላም በደጋም ጉልበቱ አንድ ነው። ስለዚህ ለደገኛ አገር የተፈጠረ መኪና ቢኖር ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የዳገቱና የቁልቁለቱ ሒሳብ ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ 1400 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት፥ ክብደቱን ለማንሣት ብቻ 7.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልገዋል። የጎማውና የነፋሱ መጐተት፥ የሞተሩም ብክነት ሲታከልበት ከ10 እስከ 12 ኪሎዋት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ባትሪው 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ከሆነ በዚያች 20 ኪሎሜትር ዳገት ብቻ ከስድስት እጅ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ነጂ የኪሎሜትሩን ቍጥር ብቻ አምኖ ቢወርድ በዳገቱ መካከል ሊቀር ይችላል።

በቁልቁለቱ ግን የቤንዚን መኪና ያላየው በረከት አለ። ሞተሩ ወደ ታች ሲወርድ ተመልሶ እንደ ዲናሞ ይሠራል፤ መኪናውን እየያዘ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፥ ያንኑም ወደ ባትሪው ይመልሳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ሲወርድ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ የቀድሞው መኪና በፍሬኑ ሙቀት አድርጎ ያባክነው የነበረውን ኃይል ይህኛው ለሚቀጥለው ዳገት ያስቀምጠዋል። ነገር ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባትሪው ሞልቶ ሳለ ቁልቁለት ቢጀመር የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው መኪናው እንደ ልማዱ አይያዝም፤ ሸክሙ ሁሉ በእግር ፍሬን ላይ ይወድቃል። ከበረሃው አፋፍ ላይ ባትሪን እስከ ጫፍ ሞልቶ መውረድ አይገባም የምንለው ስለዚህ ነው።

ሦስተኛው የፍጥነቱና የዝምታው ነገር ነው። የኤሌክትሪክ መኪና እግር እንደ ተጫነው በቅጽበት ይወነጨፋል። ድምፁም አይሰማም። በከተማ ይህ ደስ የሚያሰኝ ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን ሕዝብና ከብት መንገዱን በሚሞላበት በጎጃም አውራ ጎዳና ግን፥ የሞተር ድምፅ ሰምቶ ዘወር ማለት የለመደ እረኛ ይህኛውን ከጀርባው ሲመጣ አይሰማውም። ስለዚህ ባለቤቱ የገዛው ጉልበት ሁሉ የሚታይበት ቦታ ዳገት እንጂ የሰው መካከል እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባዋል።

አራተኛው ኃይል የመሙላት ነገር ነው። በቤት ግድግዳ ላይ ባለው ተራ ሶኬት 10 አምፔር በ220 ቮልት ቢወሰድ 2.2 ኪሎዋት ነው፤ በዚህ ልክ 60 ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት 27 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ባለ 7 ኪሎዋት መሙያ በቤት ቢተከል ግን በአንድ ሌሊት ይሞላል። ለዚህ የቤቱ መስመርና ቆጣሪው አስቀድሞ በባለሙያ መመርመር አለበት፤ ቀጭን ሽቦ ላይ ከባድ ኃይል መጫን ቤት ያቃጥላል። በፍጥነት የሚሞሉ ጣቢያዎችም በአዲስ አበባ መከፈት ጀምረዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. የከፈተው ነው። ረጅሙን መንገድ የሚሄድ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጣቢያ በጎሐ ጽዮንና በደጀን አፋፍ ላይ፥ በደብረ ማርቆስም ቢገኝለት ይሻል፤ የመንገዱ ፍላጎት ከእነዚህ ቦታዎች ላይ ነውና።

ዓባይ የሚያሽከረክረው መኪና

ከዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ትልቁ ነጥብ ይደርሳል። የአፄ ምኒልክ መኪና የጠጣው ቤንዚን የተቀዳው ከባዕድ አገር ምድር ነበር። ከዚያ ወዲህ በነበረው ከመቶ ዓመት በላይ ዘመንም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሄደው መኪና ሁሉ ነዳጁን ከውጭ ሲገዛ ኖረ። ጦርነት በሩቅ አገር በተነሣ ቍጥር፥ የነዳጅ ዋጋ በዓለም በናረ ቍጥር፥ ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ያለው የመንገደኛ ሒሳብ ይጨምር ነበር።

አሁን ግን ወንዙ ራሱ ሥራ ይዟል። በጢስ ዓባይ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ የተሠራው በ1950ዎቹ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ተመረቀ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በየካቲት ወር 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኃይል አመነጨ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራው ተጠናቆ ተመረቀ። በ13 ተርባይኖች ከ5000 ሜጋዋት በላይ የማመንጨት ዐቅም አለው። ገንዘቡም ከሕዝቡ ቦንድ ግዥና መዋጮ፥ ከመንግሥትም በጀት የተገኘ ነው። ብዙ የጎጃም ገበሬም ሆነ አስተማሪ ከደመወዙና ከምርቱ ቀንሶ ያዋጣበት ሥራ ነው። እንግዲህ ማደሪያ የለው ይባል የነበረው ዓባይ ማደሪያ አገኘ። ጎጃምን ከሸዋ ለይቶ መንገደኛውን ያስጨንቅ የነበረው ወንዝ፥ ዛሬ ያንኑ መንገደኛ ከበረሃው ዳገት ሽቅብ የሚያወጣ ኃይል ሆነ።

ይሁን እንጂ ከታሪክ የተማርነውን አንርሳ። ግድቡ መመረቁ ብቻውን የኤሌክትሪኩን መኪና አገሬ ገባ አያሰኘውም። ከግድቡ እስከ ቤቱ ሶኬት ያለው መስመር፥ ትራንስፎርመሩና ቆጣሪው እንደ ግድቡ ሁሉ የጸኑ መሆን አለባቸው። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ከተማ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት በቅድሚያ ይቸገራል፤ ገና መብራት ያላየው የገጠር ሰው ደግሞ የወንዙ ልጅ ሆኖ ሳለ የኃይሉ ተካፋይ አልሆነም። የአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በደረሰበት ግጭት ምክንያት በዚህ አውራ ጎዳና መጓዝ በየጊዜው የታወከ መሆኑም አይዘነጋም፤ ሰላም የሌለበት መንገድ መኪናው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን አያሻግርም።

ሌላው ዕውቀት ነው። በዚህ መኪና ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ግፊት እስከ 400 ቮልትና ከዚያም በላይ ስለ ሆነ፥ ያልተማረ ሰው ቢከፍተው ነፍሱን ሊያጣ ይችላል። የቀድሞው መካኒክ በጆሮው ሰምቶ፥ በእጁ ዳስሶ ሞተሩን ያበጅ ነበር፤ ይህኛው መለኪያ፥ መከላከያ ጓንትና ትምህርት ይሻል። ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ባለው ዩኒቨርሲቲና በየከተማው ባሉት የሙያ ትምህርት ቤቶች ይህን ጥበብ የሚማሩ ወጣቶች መብዛት አለባቸው። ባትሪው ያረጀ እንደ ሆነ ምን ይደረጋል፥ ለቤት መብራት ማኖሪያ ሊሆን ይችላልን የሚለውም ከወዲሁ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። እስከ አሁን ድረስ መኪናውም ባትሪውም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነውና፥ ከነዳጅ ግዥ ወጥተን ወደ ባትሪ ግዥ ብቻ እንዳንገባ መገጣጠሙና መጠገኑ በአገር ልጆች እጅ መሆን ይገባዋል።

ክቡራን አንባቢዎች፤ «ላ ዣሜ ኮንታንት» በ1891 ዓ.ም. ዓለምን በፍጥነት ቀድማ ሳለ ከከተማ ውጭ የሚመግባት ስላልነበረ ተረሳች። የአፄ ምኒልክ መኪና በ1900 ዓ.ም. ደርሶ ሳለ መንገድና ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ ዘመን ወሰደ። የእኛ ዘመን ሰው ከሁለቱ የሚሻልበት ነገር፥ ኃይሉ ከገዛ ወንዙ መገኘቱ ነው። ስለዚህ ከመካከላችሁ መኪና አዝዞ የሚጠባበቅ ቢኖር፥ መርከቡ እስኪደርስ ድረስ የቤቱን መስመር ያስመርምር፥ የመንገዱን ዳገት ያስላ፥ መኪናውን የሚያበጅለትን ባለሙያም ይፈልግ። በከተማ አስተዳደርና በመሥሪያ ቤት ያላችሁም፥ በደጀን አፋፍ የሚተከል አንድ ኃይል መሙያ፥ በደብረ ማርቆስ የሚሠለጥን አንድ መካኒክ፥ ከወደብ ከሚወርዱ ብዙ መኪናዎች እንደማያንስ ዐውቃችሁ ሥራውን ዛሬ ጀምሩት።